ሚስት ሐኪም አይደለችም

አሜሪካ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ሃሎዊን እንኳ ሳያልፍ ሆልማርክ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የገና ፊልሞቹን ማሳየት ይጀምራል። ወታደር ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ሰውዬው ከጦር ሜዳ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይመጣል፤ ዝምተኛ ነው፣ ሌሊት ይባንናል። ደግ ሴት ያገኛል፤ የገና ዛፍ አብረው ያስጌጣሉ፤ በረዶ እየጣለባቸው ይሳሳማሉ። ማስታወቂያው ተጨምሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ድኗል።

«ፍቅር ያድነዋል» የሚለው እምነት የፈረንጅ ብቻ አይደለም። እኛም ቤት «ትዳር ሲይዝ ይረጋጋል» ይባላል። ይህን የምጽፈው የሚያደርሰውን ጉዳት ስላየሁ ነው።

ቨርጂኒያ ያለች ጓደኛዬ፣ እዚሁ ያደገና አፍጋኒስታን ሁለት ጊዜ ዘምቶ የተመለሰ ሐበሻ አገባች። እንቅልፍ እንደራቀው ዘመዶቹ ያውቁ ነበር፤ ለእሷ ግን ማንም ትንፍሽ አላለላትም። አንድ ሌሊት ሲቃዥ ትከሻውን ይዛ ስትቀሰቅሰው አንቋት ነው የነቃው። ከዚያ ወዲህ አትነካውም፤ መብራቱን አብርታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ስሙን ደጋግማ ትጠራለች። ቤቷ ውስጥ ቡና መቁላትም ትታለች፤ ጭሱ ኮርኒሱ ላይ ያለውን አላርም ሲያስጮኸው እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይንቀጠቀጣል። ሐኪም ሳያየው ሦስት ዓመት አለፈ፤ ሁሉም ትዳሩ እስኪፈውሰው ይጠብቅ ነበር። አልሻለው ሲል አማቷ «ፍቅር ብትሰጪው እንዲህ አይሆንም ነበር» አሏት።

ይህ ንግግር ያንገበግበኛል። እንዲህ እያለ የሚመክር ሰው ሌሊቱን በዚያ በር ላይ ቆሞ አላደረም። ከጦርነትና ከመሰል አሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው ፒቲኤስዲ የሚባለው ሕመም እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የመመርመሪያ መጽሐፍ ውስጥ በስሙ የገባ፣ የታወቀ ሕመም ነው። ከምልክቶቹ አንዱ የስሜት መደንዘዝ ነው፤ ሰውዬው የሚወዳት ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ፍቅሩ አይሰማውም፣ ከሰው ይሸሻል። ፍቅር የሚገባበት በር ራሱ ታሟል።

የሚረዳ ሕክምና ግን አለ። አንደኛው ታማሚው ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ፣ «ጓደኛዬ የሞተው በእኔ ጥፋት ነው» የሚለውን ዓይነት ሐሳብ አንድ በአንድ የሚመረምርበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ 12 ቀጠሮ ይፈጃል። ሌላው የሚሸሸውን ትዝታና ቦታ ቀስ በቀስ እንዲጋፈጠው ያደርጋል።

«ፍቅር ያድነዋል» የሚለው እምነት ጭራሽ ባዶ ነው አልልም። ቤተሰብ የሚደግፈው ሰው የተሻለ እንደሚያገግም ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ባልና ሚስት አብረው የሚከታተሉት ሕክምናም አለ። ሚስት ቀጠሮ ታስታውሳለች፣ መኪና ትነዳለች፣ ተራ መጠበቂያው ላይ አብራው ትቀመጣለች። ይህ ትልቅ ድርሻ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ እውነቱን ማሳየት ይሳናቸዋል ብዬም አላምንም፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው «አይል ቢ ሲይንግ ዩ» ለገና ከሆስፒታል ፈቃድ ያገኘ ወታደር፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሳለ ሕመሙ ሲነሳበት ሳይሸፋፍን አሳይቷል።

ሌሎቹን የተለመዱ እምነቶች ባጭሩ። ከጦርነት የተመለሰ ሁሉ ታማሚ ነው? አይደለም። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በሕይወት ዘመናቸው ፒቲኤስዲ የሚይዛቸው ከ100ው ወደ 7 ያህሉ ናቸው። ተመላሹ ሁልጊዜ ወንድ ነው? በአሜሪካ ሴት የቀድሞ ወታደሮች ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ በ2018ቱ «ኤ ቬተራንስ ክሪስማስ» ተመላሿ ሴት መሆኗ ደስ ብሎኛል። ራስን ማጥፋት በገና ሰሞን ይበዛል? በአሜሪካ ዲሴምበር ቁጥሩ ዝቅ ከሚልባቸው ወራት አንዱ ነው። ሻንጣውን ይዞ ቤቱ ሲገባ ታሪኩ አለቀ? ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ራስን የማጥፋት አደጋው ከፍ የሚልበት ነው፤ ስለዚህ በዓሉ ካለፈ በኋላም ደጁን አንኳኩ።

አሜሪካ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ 988 ደውላችሁ 1ን ተጫኑ። የቀድሞ ወታደሮች የአስቸኳይ እርዳታ መስመሩ ሌሊትም ይሠራል። ወታደሩ ራሱ ባይደውል ሚስት፣ እናት፣ ወንድም መደወል ይችላሉ። ጓደኛዬ የደወለችው በአራተኛው ዓመት ነው።