የበረሃ ጽጌረዳ፦ የቆላ ቁጥቋጦ በደጋ ቤት

የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ኦቤሰም ተብሎ የሚታወቀው አበባማ ቁጥቋጦ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም። ወገኑ አፖሳይናሴ ከተባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ሲሆን፣ ይህ ቤተሰብ ሲቆረጡ የሚያጣብቅና ብዙ ጊዜ ወተት የሚመስል ፈሳሽ የሚያወጡ ተክሎች የተሰባሰቡበት ነው፤ ልጆች ፍሬውን የሚለቅሙት አጋምም ሆነ በምሥራቅ አፍሪካ የፍላጻ መርዝ የሚቀመምበት መረንዝ ከዚሁ ይመደባሉ። የበረሃ ጽጌረዳ ከሴኔጋል አንሥቶ በሰሃራ ደቡባዊ ጠርዝ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ እስከ የመንና ዑማን ድረስ በዱር ይበቅላል። በኢትዮጵያም በኦሞ ሸለቆ፣ በቦረናና በኦጋዴን ቆላዎች፣ በግራርና በከርቤ ቁጥቋጦዎች መካከል ድንጋያማ መሬት ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ በረንዳ ላይ ሲታይ ከባሕር ማዶ የመጣ ጌጥ ቢመስልም፣ ያገር ተክል ሆኖ ለደጋው ብቻ እንግዳ የሆነ ነው።

ተክሉን መጀመሪያ በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው የካርል ሊኔ ደቀ መዝሙር የነበረው ፔር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል እ.ኤ.አ. በ1761 ወደ ዓረብ ምድር ከተላከው የዴንማርክ የምርምር ቡድን ጋር ሄዶ በ1763 በየመን በወባ ሞተ፤ የዕፅዋት ማስታወሻዎቹን ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ብቸኛ አባል ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። በዚያ መጽሐፍ ተክሉ ከኦሊያንደር ጋር አንድ ወገን ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ በወደቡ ከተማ በዓደን ስም የተሰየመ የራሱ ወገን የተሰጠው በ1819 ነው።

ገበያ የሚፈልገው ለአበባው ቢሆንም፣ የተክሉን ጠባይ የሚወስነው ግንዱ ነው። የግንዱ ግርጌና የሥሩ አናት አንድ ላይ አብጠው እንደ ገንቦ ሆዳቸው የሚሰፋ ሲሆን፣ ይህ የውኃ ማከማቻ ክፍል በዕፅዋት ሊቃውንት አጠራር ካውዴክስ ይባላል። ድርቅ ሲመጣ ተክሉ ውኃ በትነት የሚያባክኑበትን ቅጠሎች አራግፎ በካውዴክሱ ስንቅ ይቆያል፤ በዱር ብዙ ጊዜ የሚያብበውም በዚሁ ወቅት፣ አንድ ቅጠል እንኳ በሌለበት ባዶ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ተክሉ በቤት ውስጥ የሚሞተው ለምን እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም። በጥማት የሚሞት የበረሃ ጽጌረዳ እምብዛም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ብርድና እርጥበት መግጠማቸው ነው። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ተክሉ እድገቱን ስለሚያቆም ሥሩ ውኃ መሳቡን ይተዋል፤ ያልተሳበው ውኃ በአፈሩ ውስጥ የአየሩን ቦታ ይይዛል፤ አየር ያጣው ሥር ሲዳከም ሻጋታ ገብቶ ካውዴክሱን ከታች ወደ ላይ ያበሰብሰዋል። በትውልድ ቆላው ዝናብ የሚመጣው ከሙቀት ጋር ስለሆነ ይህ ችግር አይገጥመውም። በአዲስ አበባ ግን፣ ከፍታው 2,300 ሜትር ገደማ በሆነበት፣ ዝናቡ የሚወርደው ደመናው ፀሐይን በጋረደበትና ቀኑ በቀዘቀዘበት በክረምት ነው፤ ፀሐይ በምትበዛበት በበጋ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የደጋ አትክልተኛ ለሌሎች አበቦች የለመደውን የውኃ ሥርዓት ለዚህኛው መገልበጥ አለበት። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ተክሉ ዝናብ በማይደርስበት ክፍክፍ ሥር ወይም ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ ውኃ የሚሰጠው አፈሩ እስከ ታች ከደረቀ ከቀናት በኋላ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀን በፀሐይ ውሎ ሌሊት ወደ ቤት ይገባል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሞቃት ጊዜ የእድገት ወቅቱ ስለሆነ፣ የላይኛው አፈር በደረቀ ቁጥር ከማሰሮው ሥር እስኪፈስ ድረስ በደንብ ይጠጣል። በአዳማ ወይም በድሬዳዋ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርዳማ ከተሞች ግን ተክሉ ከመጸው እስከ ጸደይ ከቤት ሳይወጣ፣ ውኃም ሳያይ ማለት ይቻላል፣ መክረም ይኖርበታል። በየትም ቦታ ቢሆን በእድገት ወቅቱ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ቅርንጫፉ እየቀጠነ ይረዝማል እንጂ አያብብም።

ማሰሮው ከሥሩ የተበሳ፣ ቢቻል ከሸክላ የተሠራና ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱ የሚያመዝን ቢሆን ይመረጣል። ጥቁር የመረሬ አፈር ውኃ ስለሚይዝ ፈጽሞ አይሆንም፤ በመንገድ ሥራ ላይ ሬድ አሽ የሚባለው ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተነፍቶ ከአቧራው ከተለየ በኋላ የድብልቁን ግማሽ ያህል ቢይዝ፣ ቀሪው በቀይ አፈርና በደንብ በበሰለ ብስባሽ ቢሞላ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ማዳበሪያ በእድገት ወቅት ብቻ፣ ተበርዞ ይሰጣል፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይበዛና አበባው ይቀራል።

ካውዴክሱ ሲለሰልስ አብዛኞቹ ባለቤቶች ተክሉ ውኃ የጠማው እየመሰላቸው ያጠጡታል፤ ብዙ ተክል የሚጠፋውም በዚህ ስህተት ነው። የጠማው ካውዴክስ ዙሪያውን እኩል ይሸበሸባል፣ በጣት ሲጫኑት በትንሹ ይረግባል፣ ከጠጣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ተመልሶ ይጠነክራል። የበሰበሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ከአፈሩ ወለል አጠገብ፣ ቆዳው ጠቁሮ ጣት ያሰምጣል፤ ሲጫኑትም ቡናማ ፈሳሽ ያዣል። መድኃኒቱ ቢላዋ ነው፦ ተክሉ ተነቅሎ፣ ሥሩ ታጥቦ፣ የበሰበሰው ክፍል ነጭ ጤነኛ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ይቆረጣል፤ ከዚያም ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ባለበት ደረቅ ቦታ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቀመጥና በአዲስ አፈር ተተክሎ ለቀናት ውኃ ሳይነካው ይቆያል። ካውዴክሱን በዚህ መንገድ ግማሹን ያጣ ተክል እንኳ ሊተርፍ ይችላል።

አበባው የሚወጣው በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከመጀመሩ በፊት መግረዝ ጫፎቹን በማብዛት አበባውንም ያበዛል። ካውዴክሱ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ማሰሮ በቀየረ ቁጥር ተክሉን ከቀድሞው ጥቂት ከፍ አድርጎ ይተክለዋል። ከቅርንጫፍ ተቆርጦ የተተከለ ይበቅላል፤ ነገር ግን ከዘር እንደበቀለው ያማረ ሆድ አያወጣም። ዘሩ ረዥም ሲሆን በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ነፋስ የሚይዘው የጸጉር ጭራ አለው፤ ትኩስ ከሆነና 30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ካገኘ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ነገር ግን ከዘር የሚወጣው አበባ የእናቱን መልክ ለመያዙ ዋስትና ስለሌለ፣ በታይላንድና በታይዋን የተዳቀሉት ድርብርብ አበባ ያላቸው ዝርያዎች የሚራቡት ከዘር በበቀለ ግንድ ላይ በማዳቀል፣ ማለትም የተፈለገውን ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ተክል ግንድ ላይ ቆርጦ በማጣበቅ ነው። ንጹሕ ምላጭና ጥብቅ እሰር ከተገኘ ሥራው ቤት ውስጥም አያዳግትም።

የሚገርዝም ሆነ የሚያዳቅል ሰው ግን ጓንት ማድረግ፣ ዓይኑን አለመንካትና ምላጩን ማጠብ ይኖርበታል። የተክሉ ፈሳሽ የልብን ምት የሚያዛቡ ግላይኮሳይድ የሚባሉ መርዛማ ውሕዶች አሉት፤ የታንዛኒያ ሐድዛ አዳኞች ለፍላጻቸው መርዝ ለመሥራት የሚያፈሉት ይህንኑ የአዴኒየም ፈሳሽ ነው። ሕፃን ወይም ጥጃ፣ ፍየልና ድመት ባለበት ቤት ማሰሮው ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ የተገረዘው ቅርንጫፍም ከብት ከሚደርስበት ቆሻሻ ጋር ሳይደባለቅ መቀበር አለበት።