እግር ዕረፍት ሲነሳ



በመጋላ በሙቀቱ ወራት ሌሊት ከቤት ወጥቶ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት እንግዳ ነገር አይደለም። ሁሉንም ከመኝታው የሚያስነሳው ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። አንዳንዶች ገና ጋደም ሲሉ እግራቸው ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላቸዋል። ይስባቸዋል፣ ይነዝራቸዋል፣ እግራቸውን ካላንቀሳቀሱት አያስቀምጣቸውም። ተነሥተው ሲራመዱ ይተዋቸዋል፤ ተመልሰው ሲተኙ ይመለስባቸዋል።

ይህ ስም ያለው ሕመም ነው። በሕክምናው ሬስትለስ ሌግስ ሲንድረም ይባላል፤ ዕረፍት የለሽ እግር እንደማለት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ጽፎበታል። ስዊድናዊው ካርል-አክሰል ኤክቦም ደግሞ በ1945 በዝርዝር አጥንቶ ስም ሰጥቶታል። ይሁንና ዛሬም ብርድ ነው፣ ጭንቀት ነው ወይም ጂን ነው እየተባለ ሳይታከም ዓመታት የሚያልፉበት ሰው አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀን ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሥራና ትምህርት ይከብደዋል።

በምን ይታወቃል?

ሐኪም ሕመሙን የሚለየው በራጅ ሳይሆን በጥያቄ ነው። ዋና ምልክቶቹ አራት ናቸው፦

1. እግርን የማንቀሳቀስ ብርቱ ፍላጎት፣ ብዙውን ጊዜ ከሚረብሽ ስሜት ጋር፤
2. ሲቀመጡ ወይም ሲተኙ መጀመሩ ወይም መባባሱ፤
3. ሲንቀሳቀሱ መቅለሉ፤
4. ማታና ሌሊት መበርታቱ።

በኹጥባ ወይም በረጅም የመኪና ጉዞ ላይ መቀመጥ የሚያስጨንቀው ሰውም ይህንን ለሐኪሙ ይንገር። የባት ጡንቻ ድንገት ጠንክሮ የሚያምበት ሕመም ግን ሌላ ነው። የስኳር ሕመምተኞች የሚሰማቸው ማቃጠልና መደንዘዝም ብዙውን ጊዜ በመራመድ አይቀልም። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

መነሻው ምንድን ነው?

በዘር ይተላለፋል፤ እናት ወይም አባት ካለባቸው ልጅም ሊይዘው ይችላል። ሌላው ትልቅ ምክንያት የብረት ማዕድን ማነስ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮች በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ የወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶች እና የኩላሊት ሕመምተኞች ይበልጥ ይጠቃሉ። በእርግዝና የመጣው ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ደም ማነስ የለብዎትም» መባል ብረት አልጎደለም ማለት አይደለም። የደም መጠን ደህና ሆኖ የተከማቸው ብረት ሊያልቅ ይችላል። ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲን የተባለው ምርመራ ነው። ለሌላ ሰው በቂ የሚባለው ቁጥር ለዚህ ታማሚ ላይበቃ ይችላል፤ ዛሬ ሐኪሞች ፌሪቲን 75 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብረት መስጠትን ያስባሉ።

ሳይመረመሩ ግን ብረት አይጀምሩ፤ ሲበዛ ይጎዳል። የታዘዘውንም ክኒን ልጆች ከማይደርሱበት ያኑሩ፤ ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

የሚያባብሱት ነገሮች

እንቅልፍ እንዲያመጡ ተብለው የሚገዙ አንዳንድ ክኒኖች ሕመሙን ያብሱታል። የአለርጂ መድኃኒቶቹ ፕሮሜታዚንና ዲፈንሀይድራሚን፣ የማስታወክ መድኃኒቱ ፕላሲል እንዲሁም አሚትሪፕቲሊን ከእነዚህ መካከል ናቸው። የታዘዘልዎትን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ያማክሩ። የማታ ቡናና ሻይ፣ ሲጋራና ጫትም እንቅልፍን ይነሳሉ። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ደግሞ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያግዳል። ስለዚህ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ያርቁት።

ምን ይደረግ?

ቀላል የእግር ጉዞ፣ ከመኝታ በፊት እግርን ማሸት፣ በሞቀ ወይም በቀዘቀዘ ውኃ መታጠብ እና በተወሰነ ሰዓት መተኛት ይረዳሉ። ጉበት፣ ቀይ ሥጋ፣ ምስርና አረንጓዴ ቅጠል ብረት አላቸው፤ ሎሚ ወይም ብርቱካን ሲታከልበት የምስሩና የቅጠሉ ብረት ይበልጥ ይወሰዳል።

ሕመሙ ከባድ ከሆነ ሐኪም እንደ ጋባፔንቲን ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ቀድሞ በብዛት ይታዘዝ የነበረው ፕራሚፔክሶል ግን ከጊዜ በኋላ ሕመሙን እያባሰ ስለተገኘ አሁን ጥንቃቄ ይደረግበታል።

በረመዷን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰዓቱን ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር እንዲያስማማለት ሐኪሙን ይጠይቅ። በኢፍጣር ላይ የሚጠጣው ቡናና ሻይም ሕመሙ በሚበረታበት ሰዓት እንደሚገጥም አይዘንጋ።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «እንቅልፍ አጣሁ» ብቻ ብለው አይመለሱ። አራቱን ምልክቶች ይናገሩ፣ የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ ያሳዩ፣ ስለ ብረት ክምችት ምርመራም ይጠይቁ። ካስፈለገ እንደ ድል ጮራ ወዳለ ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉ። ሌሊት የሚንጎራደድ የቤተሰብ አባል ያላችሁም አትቆጡት፤ ይዛችሁት ሂዱ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጣቸው።