ሕፃናትን በቤት ውስጥ ፊደል ስለ ማስለመድ

ወላጆች ሆይ! ሕፃን ሀ ሁን በዜማ መውረዱና ፊደልን ማወቁ አንድ ነገር አይደለም። ይህንንም የምጽፈው በራሴ ቤት ደርሶ ስላየሁት ነው።

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላው ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሁሉ በቃሉ ይቈጥር ነበር። እንግዳ በመጣ ቍጥር አቁሜ አስቈጥረዋለሁ፤ እንግዳውም «ይደግ፤ ይባረክ» ሲል በልቤ እኮራለሁ። አንድ ቀን ግን ከገበታው መካከል «በ»ን በጣቴ ነክቼ «ይህች ማን ትባላለች?» ብለው ዝም አለ። ጥቂት ቈይቶም ከሀ ጀምሮ ማዜም ያዘ። የተማረው ጆሮው እንጂ ዓይኑ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁት። ነገር ግን መታገሥ ሲገባኝ ተቈጣሁት፤ በማግሥቱም ገበታውን ገና ሳነሣ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገ። ጥፋቱ የእኔ ነበረ።

አባቶቻችን ይህን ነገር አስቀድመው ያውቁት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የኔታ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካን እንድንቈጥር ያዙን የነበረው፤ ዓይናችን ከአፋችን እንዳይለይ ነው። ከሀ ሁ ቀጥሎም አቡጊዳን ያስተምሩን ነበር። በዚያ ተራው ተለውጦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እየተባለ ስለሚሄድ፤ በለመደው ዜማ ብቻ የሚያመልጥ ልጅ የለም።

33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ ስላላቸው፤ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በሕፃን ላይ መጫን አይገባም። ዳሩ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት 26ቱን የላቲን ፊደላት በስማቸው ካወቅሁ በኋላ ቃል ለማንበብ ሌላ ድካም ነበረብኝ፤ ስማቸውና ድምፃቸው አንድ አይደለምና። የእኛ ፊደል ግን ስሙ ራሱ ድምፁ ስለ ሆነ፤ ሁለት ፊደል ያወቀ ልጅ ወዲያው ቃል ለማንበብ ይችላል።

በቤታችን ጥፋቴን ያረመችው የልጁ እናት ናት። እርስዋ ፊደል አልቈጠረችም ነበርና፤ «አንዲቱን ብቻ ጻፍልኝ፤ እኔም ከእርሱ ጋር እማራለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያደረግነውን በተራ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፤ ከልጁ ስም መጀመሪያ ፊደል ጀመርን። ሕፃን የራሱ የሆነውን ነገር ይወዳልና፤ ስሙ ካሳ የሆነ ልጅ «ካ»ን ከ«ሀ» በፊት ቢያውቅ ጕዳት የለበትም።

ሁለተኛ፤ እናቱ ዳቦ ስታቦካ ከሊጡ ጥቂት ቈርሳ ትሰጠዋለች፤ እርሱም እያድቦለቦለ የፊደሉን መልክ ይሠራል። በደጅም በአሸዋ ላይ በጣቱ ይጽፋል። የሕፃን ጣት ገና አልጸናምና እርሳስ እንዲይዝ አናስገድደውም። በሽምብራና በባቄላ ፊደል መደርደርም መልካም ነው። ነገር ግን ሕፃናት ፍሬውን ወደ አፋቸውና ወደ አፍንጫቸው ስለሚከቱት፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው አይሰጥም፤ ከዚያ ለሚበልጠውም አጠገቡ ሰው ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛ፤ በወረቀት ላይ «ና» ብዬ በትልቁ ጻፍሁ፤ ለሴት ልጅ «ነይ» ይሆናል። ምንም ሳልናገር ወረቀቱን ባነሣሁ ጊዜ ሮጦ ይመጣል። አንዲት ፊደል ሙሉ ትእዛዝ እንደምትሆን ከተረዳ በኋላ ግን፤ ወረቀቱን ወስዶ እኔን ይጠራኝ ጀመር፤ እኔም ታዝዤ መጣሁ።

አራተኛ፤ ፊደል መልኩን ሲለውጥ ነገሩም እንደሚለወጥ በማዕድ አሳየነው። ሳይበላ «ብላ» የሚለውን፤ ከበላ በኋላ «በላ» የሚለውን እናቀርብለታለን፤ «በል» የሚለውም ከእነዚሁ ከሁለቱ ፊደላት ዘር የወጣ ነው።

አምስተኛ፤ እንደ ሰና ሸ፥ እንደ ነና ኘ ያሉትን የሚመሳሰሉ ፊደላት በአንድ ቀን አናሳይም። አንደኛው ከጸና በኋላ «ሰ ቆብ ስትደፋ ሸ ትሆናለች» ማለት ይበቃል። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሀ ሐ ኀን፥ ሰ ሠን፥ አ ዐን፥ ጸ ፀን በየቃሉ መለየት ግን ለትምህርት ቤት ይቈይ።

ጊዜውም አጭር ይሁን። ልጁ ሳይሰለች እኛ እንተወው፤ ቢሳሳትም ትክክለኛውን ነግረን እንለፍ።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራዬ ላይ፤ የማያነቡትን ወረቀት በጣት አሻራ የሚያጸኑ ሰዎችን አያለሁ። አሻራቸውን ካኖሩ በኋላ «ምን ይላል?» ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። የልጄ እናት ከእነርሱ አንዲቱ ነበረች። ባለፈው ወር ግን ስለ ቤታችን ጕዳይ ልትፈርም ቀርባ፤ ቀለሙን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ በብዕር ስምዋን ጻፈች። ልጁም አጠገብዋ ቆሞ ፊደላቱን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ አነበበ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ፊደልን በቍጣ ሳይሆን በጨዋታ አስለምዱ። ፊደል ያልቈጠራችሁም ብትሆኑ ከልጃችሁ ጋር ለመጀመር አትፈሩ፤ ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል።