«ያሳክከኛል» ሲባል ካርዱ ላይ ምን ይጻፋል?

ካርዱ ላይ «ማሳከክ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሐኪም አልዋሸም። ጣጣው የሚመጣው ካርዱ ኮድ ሰጪው ባለሙያ ዘንድ ሲደርስ ነው። ባለሙያው በሽተኛውን አላየውም፤ ሐኪሙ ያሰበውን ሳይሆን የጻፈውን ብቻ ነው ወደ ኮድ የሚለውጠው። ስለዚህ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም መሠረት ኤል 29.9፣ ማለትም «ዓይነቱ ያልተገለጸ ማሳከክ» ብሎ ያልፋል።

ሰውየውን የያዘው እከክ ከሆነ ግን ኮዱ ቢ 86 ነው። ኤል 29 ያለው የቆዳ በሽታዎች ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ቢ 86 ደግሞ ከተላላፊ በሽታዎች ጋር ተመድቧል። እዚህ ላይ ቤተሰቡም አብሮ መታከም አለበት። ማሳከኩ የእከክ አንዱ ምልክት ስለሆነ ለብቻው ሌላ ኮድ አይሰጠውም።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ ጥያቄና እስክሪብቶ ይበቃል። ማታ ማታ ይብሳል? በጣቶች መሃል፣ በእጅ አንጓ ወይም በወገብ ዙሪያ ሽፍታ አለ? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ግን ሊያሳስት ይችላል። የእከክ ተባይ ሴቷ ቆዳ ሰርስራ እንቁላል ትጥላለች፤ የሚያሳክከውም ሰውነት በእርሷ ላይ ሲቆጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ይህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይዘገያል፤ እስከዚያው ግን ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ «ቤተሰቡ ደህና ነው» የሚል ማስታወሻ እከክ አለመሆኑን አያረጋግጥም።

ሽፍታ የሌለው ማሳከክ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከኩላሊት ወይም ከጉበት ሊመጣ ይችላል። አሜሪካ በራሷ የኮድ ዝርዝር ከሐሞት ፍሰት መስተጓጎል የሚመጣውን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ኤል 29.81 ብላ ለይታዋለች። ምክንያቱ በእርግጥ ካልታወቀ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ግምትን ምርመራ አስመስሎ ከመጻፍ ኤል 29.9 ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 በድርቅ በተጎዱ የአማራ ክልል ወረዳዎች እከክ በወረርሽኝ መልክ ተዛምቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መደበው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ማሳከክ» ተብለው የተመዘገቡት በሙሉ ከእከክ ቆጠራ ውጭ ይቀራሉ። የተገላቢጦሹም አለ፦ ተባዩ ከሞተ በኋላ እንኳ ማሳከኩ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። ተመልሶ የመጣው ታካሚ መድኃኒቱን መቼ እንደተቀባና ቤተሰቡ አብሮት መታከሙ ካልተጻፈ፣ ያው አንድ ሰው እንደ አዲስ በሽተኛ ሁለቴ ይቆጠራል።