የብናኝ ደመናና የአዙሪት ሥርዓት

በአዲስ አበባው ጎጃም በረንዳ የጤፍ ጆንያ ተፈትቶ ሲራገፍ፣ በቆርቆሮው ሽንቁር የሚገባው የፀሐይ ጮራ ካረፈበት ብናኝ ላይ ዓይኑን ያሳረፈ ሰው፣ ደመናው ክብነቱን ጠብቆ በየአቅጣጫው እኩል የሚሰፋ አለመሆኑን፣ ይልቁንም አንዱ ወገኑ እንደ ፈትል ተስቦ ሲቀጥን ሌላው ተጨፍልቆ ሲሳሳ፣ የቀጠነውም ተጣጥፎ በራሱ ላይ ሲደራረብ፣ በመካከሉም አንዲት ትቢያ ያልደረሰበት ንጹሕ አየር ሲቀር ይመለከታል።

ምክንያቱ ረቂቅ ነው፤ ነገር ግን የማይደረስበት አይደለም። በተናወጠ አየር ውስጥ ታላላቅ አዙሪቶች ታናናሾችን፣ ታናናሾቹም ከእነርሱ የሚያንሱትን ይወልዳሉ፤ በመጨረሻም የአየሩ የውስጥ ሰበቃ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። ከብናኙ እጅግ የሚገዝፈው አዙሪት ደመናውን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል፤ እጅግ የሚያንሰው ጠርዙን ብቻ ይነካካዋል፤ ቅርጹን የሚያፈርሰው ግን በመጠን የሚስተካከለው ነው። ስለዚህ ሁለት ቅንጣቶች በተራራቁ መጠን የሚለያያቸው አዙሪት እየበረታ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1926 በቁጥር ሲያስረዳ፣ የመበተኑ ብርታት በርቀቱ 4/3ኛ ርቢ ልክ እንደሚያድግ ገለጸ፤ ከዚህም የተነሣ ጊዜው እጥፍ ሲሆን የርቀታቸው ካሬ በአማካይ 8 እጥፍ ይሆናል።

ከበድ ያለው ቅንጣት ግን የአዙሪቱን መታጠፍ መከተል ስለሚሳነው፣ ከመሐሉ ወደ ዳር ተወርውሮ በአዙሪቶች መካከል ይከማቻል፤ የሚበትነው ነውጥ ራሱ ሰብሳቢ መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዚህ ትምህርት ሁሉ የሚያስደንቀው ነው።

ሪቻርድሰን ጦርነትን በሃይማኖቱ የሚቃወም ክዌከር ስለነበረ፣ የብሪታንያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1920 በአየር ኃይሉ ሚኒስቴር ሥር ሲገባ ሥራውን ለቀቀ። የአየር ዕውቀት የጦርነት መሣሪያ ይሆናል የሚለው ፍርሃት ከንቱ እንዳልነበረ የእኛ ሕዝብ በሥጋው አይቶታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር እንዳስረዱት፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ በመከታተል የመርዝ ጋዝ ሲረጩ፣ ከእነርሱ የሚወጣው ጭጋግ ያልተቆራረጠ መጋረጃ ይሆን ነበር። ነፋስ በአንዱ ደመና ውስጥ ከፍቶ የሚተወውን ንጹሕ ስፍራ ተከታዩ አውሮፕላን ይደፍነዋል፤ ወታደሩም፣ ሴቱም፣ ከብቱም፣ ወንዙና ግጦሹም የሚተርፉበት ክፍተት አላገኙም።