የፒካፕ የኋላ ፍሬን ሸራና ዲስክ ስትቀይሩ

አዲስ ዲስክ ገጥማችሁ ብዙም ሳትነዱ ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ከተንቀጠቀጠ፣ ዲስኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ያረፈበትን ብረት እዩ። እዚያ የቀረች ስስ ዝገት ዲስኩ ተስተካክሎ እንዳይቀመጥ ታደርጋለች። እኔ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ እፈገፍጋለሁ፤ ከሥራው ሁሉ የማልቸኩልበት ይህ ነው።

ካሊፐሩን በፍሬን ቱቦው አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ እሰሩት። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ከሆነ አስቀድማችሁ ለጥገና እንዲለቅ አድርጉት፤ የካሊፐሩን ፒስተን በጉልበት መግፋት ሞተሩን ሊሰብር ይችላል። አዲሱ ዲስክ ላይ ያለውን የዝገት መከላከያ ዘይት በፍሬን ማጽጃ አስለቅቁ። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ለፍሬን በተሠራ ግራሶ ቀቡ፤ ሸራውን ግን ጠብታ አይንካው።

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። የመጀመሪያው ርግጫ እስከ ወለሉ ሊወርድ ይችላል፤ ያ መንገድ ላይ እንዲገጥማችሁ አልፈልግም።