ባለአራት እግር ሞተር ለደጋ ሩጫ ሲሰናዳ

ባለአራት እግር ሞተር እንደ ፈረስ ተፈናጠው የሚነዱት፣ በእጅ መሪ የሚዞር፣ በአራት ሰፋፊ ለስላሳ ጎማዎች ላይ የቆመ ማሽን ነው። ጣሪያም በርም ቀበቶም የለውም፤ ሚዛኑን የሚጠብቅለት ነጂው ራሱ ነው፤ ገላውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጣለ፣ ሲዘል እየቆመ፣ ሲወርድ ወደ ኋላ እየሸሸ። ሞቶክሮስ የሚባለው ውድድር ደግሞ ታጥሮ በተዘጋጀ የአፈር ሜዳ ላይ፣ በተቆለሉ ጉብታዎችና በጠባብ ኩርባዎች መካከል እየዞሩ የሚሽቀዳደሙበት ነው። ሥር የሰደደው በአሜሪካና በአውሮፓ ነው። እኔ ግን ሳስበው ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የደብረ ታቦር መሬት ነው፤ ከወረታ ወደ ወልድያ ከሚዘልቀው መንገድ ትንሽ ወጣ ሲሉ የሚገጥመው ቁልቁለት፣ ድንጋይ፣ በበጋ የሚቦን፣ በክረምት ጎማ ውጦ የሚያስቀር አፈር።

ታሪኩ የተጀመረው በሦስት ጎማ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ባለሦስቱን አወጣ፤ ልጅ ዐዋቂው ወደደው፤ ግን ኩርባ ላይ መገልበጥ አበዛ። አደጋው ሲከማች በ1988 የአሜሪካ መንግሥት የሸቀጦች ደህንነት ኮሚሽን ከአምራቾቹ ጋር ተስማምቶ ሽያጩን አስቆመ። በዚያን ጊዜ ሱዙኪ አራተኛውን ጎማ ከጨመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ለሩጫ ታስበው የተሠሩት የሱዙኪ ኤልቲ 250 አርና የሆንዳ ቲአርኤክስ 250 አር በ1985 እና በ1986 ተከታትለው መጡ። ዛሬ በውድድር ሜዳ የሚበዙት 450 ሲሲዎቹ ናቸው፤ የያማሃው ዋይኤፍዜድ 450 አር ከነሱ አንዱ ነው።

ከፋብሪካ የወጣ ሞተር ግን ገና ጥሬ ነው። ለውድድር ሲሰናዳ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ጉልበት ለመጨመር ነው፤ ማርሚታ ይለውጣል፣ ድምፁን ያጎላል። ደብረ ታቦር ላይ የሚያሰናዳ ሰው ከሁሉ በፊት ማሰብ ያለበት ስለ አየር ነው።

ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻውን አያቃጥልም፤ ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ደብረ ታቦር ላይ 30 ገደማ ይሰጣል። ወደ ጉና ተራራ አናት፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ቢወጣ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

ካርቡረተር ያለው ሞተር ተጨማሪ ችግር አለበት። ቤንዚን የሚለካለት ጂግለር፣ ያቺ በመሐሏ ቀጭን ቀዳዳ ያላት የነሐስ ቁራጭ፣ የተመጠነችው ለቆላ አየር ከሆነ ደጋ ላይ ቤንዚኑ ይበዛል። ሞተሩ ይታፈናል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ቤንዚን ይጠጣል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ከመፈትለክ ይልቅ ያንቋርራል። ምርመራው ቀላል ነው። በሙሉ ጉልበት ጥቂት ነድቶ፣ ሞተሩን ድንገት አጥፍቶ ካንዴላውን መፍታት። ጫፉ በጥቀርሻ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ሲበዛ ጂግለሩን በአንድ ቁጥር አነስ ባለ መቀየር፣ እንደገና ነድቶ እንደገና ካንዴላውን ማየት ነው። የባጃጅ ካርቡረተር ሲያስተካክል የኖረ የደብረ ታቦር መካኒክ ይህን ሥራ ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። ኢንጀክሽን ያላቸው አዳዲሶቹ የአየሩን ግፊት ለክተው ቤንዚኑን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ የጎደለውን ጉልበት ግን እነሱም አይመልሱትም።

ስለዚህ የጎደለው በማርሽ ይካካሳል። የፊተኛውን የካቴና ጥርስ በአንድ መቀነስ ወይም የኋለኛውን በአንድ ሁለት መጨመር በቂ ነው። ከፍተኛው ፍጥነት ትንሽ ይወርዳል፤ ግን ከኩርባ ሲወጣ ማሽኑ ፈጥኖ ይነሳል፤ ሞቶክሮስ ደግሞ በአብዛኛው ከኩርባ የመውጣት ጨዋታ ነው።

ቀጥሎ ስፋቱ። የፊት ጎማዎቹን የሚይዙት የብረት እጆች በረዣዥም ይለወጣሉ፣ የኋላው አክስል ወደ ውጭ ይገፋል። ለመገልበጥ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ገደብ ግን አለው፤ በአሜሪካ የሞቶክሮስ ደንብ ጠቅላላ ስፋቱ ከ1.27 ሜትር ማለፍ አይችልም። የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች በአንድ ጥቅል አክስል የታሰሩ ናቸው፤ እንደ መኪና ዲፈረንሻል የላቸውም። ስለዚህ ሲዞር የግድ ይንሸራተታሉ፤ ነጂው ወደ ውስጥ ተጋድሞ ያንን መንሸራተት ለጥቅሙ ያውለዋል።

ሞላው ለነጂው ክብደት ይስተካከላል። ነጂው ሄልሜቱንና ቡቱን ሳይቀር ለብሶ ይቀመጣል፤ ረዳቱ ሜትር ይዞ ከአክስሉ እስከ ጭቃ መከላከያው ይለካል። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሞላው ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋበት ልክ ሲቀነስ፣ የወረደው ሞላው ከሚጓዘው ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከወረደ ከዝላይ ሲያርፍ ሻንሲው መሬት ይመታል፤ ከዚያ በላይ ከጠነከረ ጎማው ጉድጓዱን አይከተልም።

ጎማው የሚነፋው ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ብቻ ነው። የጎሚስታ ቤት መለኪያ ይህን ያህል ትንሽ ግፊት በትክክል አያነብም፤ ለዚህ የተሠራ መለኪያ መግዛት ግድ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይሏል፦ ወረታ ላይ 5 የተነፋ ጎማ ደብረ ታቦር ሲደርስ በውጭው አየር መሳሳት ብቻ 6 ያህል ያሳያል። ለመኪና ኢምንት ነው፤ እዚህ ግን ኩርባ የሚያስት ልዩነት ነው። ከመነሻው መስመር አጠገብ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

የበጋ አቧራ የሞተር ገዳይ ነው። የአየር ማጣሪያው ዘይት የተቀባ ስፖንጅ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ዘይቱ በእጅ እየታሸ ይገባል፣ ጠርዙም ግራሶ ይቀባል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ፒስቶንና ሲሊንደር የሚያተርፍ ከዚህ የበለጠ ሥራ አላውቅም።

ስለ ደህንነት ስስት አይገባም። ከነጂው አንጓ ጋር በገመድ የታሰረ ማጥፊያ አለ፤ ሲወድቅ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። በእግር መርገጫዎቹ ጎን መረብ የተወጠረበት ብረት ይታሰራል፤ ያ ከሌለ የተንሸራተተ እግር በቀጥታ የኋላው ጎማ ሥር ይገባል። እያንዳንዱ ብሎን ዳግም ይጠብቃል፤ የፍሬንና የአክስል ዳዶዎች ምልክት ይደረግባቸዋል፣ ዞረው እንደሆነ በዓይን እንዲታይ።

የሚሮጥበት መሬት ጉዳይም አለ። ጉና የጉማራና የርብ ወንዞች መነሻ ነው፤ ውኃቸው ጣና ይገባል። የጎማ ጥርስ አንዴ የገፈፈውን የደጋ ሣር ዝናቡ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ሣሩም በቶሎ አይመለስም። እንዲህ ያለ ሩጫ እዚህ አገር ይጀመር የሚል ሰው ከእርሻና ከግጦሽ የተለየ፣ ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ ቦታ ይፈልግ፤ ተራራውን ይተወው።

ደብረ ታቦር ላይ የተስተካከለ ሞተር ወደ ወረታ ሲወርድ ጉዳዩ ይገለበጣል። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ይወፍራል፣ ለደጋ የተቀነሰው ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ለጊዜው ቀልጠፍ ያለ ይመስላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ይግላል፣ ሲብስም የፒስቶኑን አናት ይበሳል። ቤንዚን በዝቶ ያጠቆረው ካንዴላ በብሩሽ ይጸዳል፤ የተበሳ ፒስቶን ግን አዲስ መግዛት ይጠይቃል። ስለዚህ ወደ ወረታ የሚወርድ ነጂ ትልቁን ጂግለርና ጠመንጃ መፍቻውን በኪሱ ይዞ ይውረድ፤ ከመኪና ላይ እንዳወረደው፣ ሞተሩን ከመቀስቀሱ በፊት ይቀይረው።